ከቤዛዊት ላይ የሚታየው

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት። ዳገት ምን እንደሆነ ሳያውቁ ተወልዶ ማርጀት ይቻልባታል፤ ብስክሌት የምንወደውም ለዚህ ይመስለኛል። ከዓባይ ማዶ ግን አንድ ኮረብታ አለን፤ ስሙ ቤዛዊት ነው። ለተማሪዎቼ ስለ አካባቢያችን ሳስተምር ሁልጊዜ ከዚህ ኮረብታ እጀምራለሁ። አንድን ቦታ በቅጡ ለማወቅ መጀመሪያ ከላይ ሆኖ ማየት፣ ከዚያ ወርዶ በእግር መሄድ ይሻላል ብዬ ስለማምን ነው። ይህንን ያወቅሁት ከኮሌጅ አይደለም። ያሳዩኝ አባቴ ናቸው።

ለማያውቀው ሰው መንገዱን ላስረዳ። ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። መንገዱ በመንደሩ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል፤ አናቱ ላይ ሲደርስ የአሮጌውን ቤተ መንግሥት አጥር ይዞ ይዞራል፤ ከዚያ በወንዙ በኩል ባለው የእግር መንገድ ቁልቁል ይወርድና መጀመሪያ የተነሡበት ቦታ ላይ ይመልሳል። ልጅ ይዞ፣ እያወሩ፣ ብዙ ላብ ሳይወርድ የሚጨረስ ዙር ነው። አገር ጎብኚዎች በመኪና ወጥተው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ በመኪና ይወርዳሉ። አባቴ እነሱን ሲያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ነገሩ ያለው በዙሩ ውስጥ ነው ባይ ናቸው።

አባቴ በመጡበት መንገድ አይመለሱም። ገበያም ሲሄዱ፣ ዘመድም ሲጠይቁ፣ መመለሻው ሌላ መንገድ መሆን አለበት። ልጅ ሳለሁ ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ "ታቦት ቤተ ክርስቲያኑን ዞሮ ነው የሚገባ። መሃል መንገድ ላይ ፊቱን አዙሮ ሲመለስ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። የመሪጌታ ልጅ ናቸው። የተወለዱት በጣና ማዶ፣ ከቁንዝላ አለፍ ብሎ ባለ መንደር ነው፤ አያቴ እዚያ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው እዚያው ተቀበሩ። አባቴም ዜማ ጀምረው ነበር፤ ግን ገና በጉርምስናቸው ወደ ባሕር ዳር መጥተው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገቡ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ አልወጡም። ዜማው ቀርቶ ዙሩ አብሯቸው መጣ ማለት ነው።

ወደ ቤዛዊት የምንወጣው በኅዳር ጽዮን ማለዳ ነበር። የአባቴ መንደር ማርያም የምትነግሠው በዚያን ቀን ነው። ጀልባው ሩቅ፣ የየብሱ መንገድ አባጣ ጎርባጣ፣ ከሥራም ፈቃድ ማግኘት ከባድ ስለነበር በበዓሉ ቀን እዚያ መገኘት አይሆንላቸውም። ስለዚህ ከኮረብታው ላይ ሆነው ይሳለሟታል። የቤተ ክርስቲያን ሰው ጉልላት በሩቅ ካየ ቆም ብሎ ያማትባል፤ ጉልላቱ ካልታየው በዙሪያው ያሉትን ዛፎች አይቶ ይሳለማል። የአባቴ ግን ከዚህም ያለፈ ነበር፤ ጉልላቱም ዛፎቹም አይታዩም። አቅጣጫውን ይዘው ነበር የሚሳለሙ።

ከአጥሩ ጥግ አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ወገብ ይደርሳል። አባቴ እሱ ላይ ያስቀምጡኝና ከኋላዬ ይቆማሉ። ከዚያ ትምህርቱ ይጀመራል።

"ከእግርሽ ሥር ጀምሪ። ምን አለ?"

"ወንዝ።"

"የማን ወንዝ?"

"ዓባይ።"

"ከየት ወጣ?"

ጣቴን ወደ ሐይቁ እቀስራለሁ። እንደዚያ እያልን ከቅርብ ወደ ሩቅ እንሄዳለን፤ ዓባይ፣ ድልድዩ፣ ከሐይቁ አፍ ላይ ያለው ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ የፋብሪካው ጣራ፣ በየመንገዱ ዳር የተሰለፉት ዘንባባዎች፣ ሐይቁ፣ ደሴቶቹ፣ በመጨረሻም ውኃው ላይ እንደተኛ በሬ ጀርባ ጠቆር ብሎ የሚታየው ዘጌ። አንዱን ከዘለልሁ እንደገና ከእግሬ ሥር ያስጀምሩኛል። ዛሬ ተማሪዎቼ ካርታ ሲያነብቡ "መምህርት፣ ሁልጊዜ ከቅርብ ለምን እንጀምራለን?" ሲሉኝ የምሰጣቸው ረጅም ማብራሪያ አለኝ፤ እውነተኛው መልስ ግን ያ ድንጋይ ነው።

ዘጌ ላይ ስንደርስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ንግግር ነበረን።

"ከዘጌ በስተግራ፣ ከጀርባው፣ ምን አለ?"

"ምንም።"

"አገሬ አለች።"

"አይታይም እኮ አባባ።"

"አንቺ ስላልቆምሽበት ነው።"

ይህን ካሉ በኋላ ጋቢያቸውን አስተካክለው ያማትባሉ። እኔ እናቴ የቋጠረችልኝን የተቀቀለ ድንች አውጥቼ መላጥ እጀምራለሁ። ጾም ስለሆነ እሳቸው ከቅዳሴ በፊት እህል አይቀምሱም፤ ድንቹን ግን በሚጥሚጣ እየነከሩ ያጎርሱኝ ነበር። ሳልውጠው ተነሥተው "በይ እንዙር" ይላሉ። በወንዙ በኩል ወርደን፣ ከተማ ገብተን፣ ታቦት ሲወጣ እንደርሳለን። ጉንጬ ድንች እንደሞላ ያንን ቁልቁለት ብዙ ጊዜ ወርጃለሁ።

ኮሌጅ ጨርሼ መጀመሪያ የተመደብሁት ማክሰኝት ነበር። ከሐይቁ ሰሜን፣ መንገድ ዳር ያለች የገበያ ከተማ ናት። እዚያ ሳለሁ ኅዳር ጽዮን በመጣ ቁጥር ወደ ደቡብ አይ ነበር። ጣና በመካከላችን ቢሆንም አባባ አሁን ድንጋዩ ጋ ቆመዋል፣ አሁን እያማተቡ ነው እያልሁ በሐሳቤ ዙሩን እዞራለሁ። ስልክ ስደውል "ወጡ?" እላቸዋለሁ። "ወጣሁ እንጂ!" ይላሉ። "ምን አዩ?" ስላቸው ከእግራቸው ሥር ጀምረው አንድ በአንድ ይነግሩኛል። ደስ ይለኝ ነበር። ከቤታቸው ሳይወጡ፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እንደሚነግሩኝ ያወቅሁት ዝውውር አግኝቼ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ነው።

የመጣሁ ዕለት እናቴ ጓሮ ወስዳ ሹክ አለችኝ። "አባትሽ ትናንት ጎረቤታችንን 'እንደምን አደሩ' ብለው ቆመው ጠበቁ። መልስ ሲያጡ ተቀየሙ።"

"ታዲያ ጎረቤታችን ለምን ዝም አሉ?"

"ገመድ ላይ የተሰጣ ጋቢ ነው ልጄ!"

ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እናቴ ሐኪም ቤት ይዘናቸው እንሂድ አለችኝ።

በግድ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ላይ ሞራ ነበረ። ሐኪሙ ለስለስ ያለ ሰው ነበር፤ ለብቻዬ አድርጎ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገረኝ። ሞራው አሁን በቀላል ቀዶ ሕክምና ይወጣል። ከቆየ ግን ዓይናቸው ውስጥ ግፊት እየጨመረ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ሞራው ቢወጣም ብርሃኑ አይመለስም። አባቴ ግን እምቢ አሉ። "ሞራው ገና ነው፤ ይብሰል" አሉ። በድሮ ጊዜ ሞራ ካልበሰለ አይነካም ይባል ነበር፤ ሐኪሙ ያ ያለፈበት ነገር እንደሆነ አስረድቷቸዋል። ሲጨንቃቸው ደግሞ፣ "ምን ጎደለኝ? የሚታየውን አያለሁ" ይላሉ።

እናቴ ወደኔ ዞረች። "አንቺ አስረጃቸው። ማስረዳት ትወጂ የለ?"

አስረዳሁ። ዓይንን በወረቀት ላይ ሳልሁ። ሻይ ብርጭቆ ላይ ወተት ቀብቼ ከኋላው መብራት አስቀመጥሁ፤ እንዲህ ነው፣ ሲታጠብ እንዲህ ይሆናል እያልሁ። በትዕግሥት ሰሙኝና፣ "ጎበዝ አስተማሪ ነሽ። ለልጆቹ እንደዚህ ንገሪያቸው" አሉ። የተረፈውን ወተትም ጠጡት።

ኅዳር ሲገባ ግን ራሳቸው አንድ ሐሳብ አመጡ። ማታ እራት ላይ ነበርን።

"ጽዮን ለት ቤዛዊት እንውጣ።"

"በዚህ ዓይንዎ?"

"በዚህ ዓይኔ። ድንጋዩ ጋ አቁሚኝና የሚታየውን ከእግሬ ሥር ጀምሬ እነግርሻለሁ። አንድ ነገር ከሳትሁ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ካልሳትሁ ግን ይህን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።"

"አባባ፣ ይኼ ጨዋታ አይደለም።"

"ፈራሽ?"

እናቴ ከማዶ ሆና በዓይኗ "እሺ በይ" አለችኝ። እሺ አልሁ። ያን ሌሊት ግን ስለ ውርርዱ ሳስብ ልቤ ፈራ። ያንን እይታ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በቃላቸው ያውቁታል። ከሳቱ ዓይናቸው ይድናል፤ ካልሳቱ ሞራቸውን ይዘው ይቀራሉ። አባቴ እንዲሳሳቱ ስመኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

በጽዮን ማለዳ ባጃጅ ወሰደን። ሾፌሩ ሰፈራችን ውስጥ የሚሠራ፣ አባቴን በደንብ የሚያውቅ ጎልማሳ ነው። ድልድዩን ስንሻገር ገና ድንግዝግዝ ነበር። ከወንዙ ላይ ስስ ጢስ የመሰለ ነገር ሲነሣ አይቻለሁ፤ ልብ ብዬ አላየሁትም። ሾፌሩ ዘወር አለና፣

"አባ፣ ዛሬ ነው አይደል ፈተናው?" አለ።

አባቴ በመቋሚያቸው የባጃጁን ወለል መታ አደረጉ።

"ገመዶቹን እንዳይረሱ። አዲሱ ድልድይ ገመድ አለው ብዬዎታለሁ። ሆቴሉም አምስት ፎቅ ሆኗል፤ ቀለሙ..."

"አንተ ሰው፣ ዝም ብለህ ንዳ!"

ሳቄን ዋጥሁት። ለካ አጥንተዋል! ከባጃጅ ሾፌሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን ዘበኛው፣ ከጡረታ ጓደኞቻቸው ሲጠይቁ ከርመው ኖሯል። አዲሱ ድልድይ ሲሠራ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር አላዩትም፤ ስለዚህ እንደ ደህና ተማሪ የማያውቁትን ክፍል ለብቻ ሸምድደው መጥተዋል።

ከባጃጁ ወርደን ዳገቱን ስንወጣ አንድ እጃቸው ትከሻዬ ላይ፣ ሌላው መቋሚያቸው ላይ ነበር። እግራቸው መንገዱን ያውቀዋል። ጉድጓዱ የት እንዳለ፣ መታጠፊያው የት እንደሆነ ሳልነግራቸው ይዞሩ ነበር። "እዚህ ጋ ሾላ ነበረች" ይላሉ፤ ሾላዋ የለችም፤ ጉቶዋ ግን አለ። "እዚህ ጋ አንቺ ወድቀሽ ጉልበትሽ ደምቷል።" ጠባሳው ዛሬም አለኝ። አናቱ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ከኋላችን ወጥታ ማጅራታችንን ታሞቀን ጀመር።

የጥበቃው ሰውዬ አጥሩ ጋ ተቀምጠዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ "ፎቶ ክልክል ነው" ሲሉ የማውቃቸው ናቸው።

"እንደምን አደሩ አባ! ከጠፉ ቆዩ። ግን እኮ ዛሬ ጣና..."

እኔ ያን ጊዜ ነው ወደ ታች ያየሁት። ጣና የለም። ዓባይ የለም። ከተማው የለም። ከኮረብታው ግርጌ ጀምሮ እስከ ሰማዩ ጥግ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ጉም ተኝቷል። እኛ ፀሐይ ላይ ነን፤ ከኛ በታች ያለው ሁሉ ተሸፍኗል። ለምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ፤ የሐይቁ ውኃ ከሌሊቱ አየር ስለሚሞቅ እንፋሎቱ ይነሣና ቅዝቃዜው ያረጋዋል። በኛ ከተማ እንዲህ የሚሆነው አንዳንድ ጠዋት ብቻ ነው። ወደ ጥበቃው ሰውዬ ዞሬ እንዳይናገሩ ራሴን ነቀነቅሁ። ሰውዬው የአባቴን ዓይኖች አዩ፤ ጉሙን አዩ፤ ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

አባቴ ድንጋዩን በእጃቸው ፈልገው አገኙት። ዳሰሱት። ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ቆሙ።

"ዛሬ እንዴት ጥርት ብሏል!" አሉ።

ውርርዱ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። መናገር ብቻ ነበር የቀረኝ።

"ከእግሬ ሥር ልጀምር። ዓባይ። ውኃው ገና የክረምቱን ቀለም አለቀቀም፤ ግን ዳር ዳሩ እየጠራ ነው። ታንኳ አለ፤ አንድ ሰው ነው የሚቀዝፍ።" ከጉሙ ሥር የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። "ይኸው ድልድዩ። የድሮው ጎንበስ ብሎ ቆሟል፤ አዲሱ ከጎኑ ገመዶቹን እንደ በገና ወጥሯል። ደንገሉ አለ። ነፋስ ሲነካው ሁሉም አንድ ጊዜ ይጎነበሳል፤ ልክ ማኅሌት ላይ እንደቆሙ መሪጌቶች። ያ የፋብሪካው ጣራ ነው፤ ቆርቆሮው ሲያበራ ዓይን ይወጋል። ዘንባባዎቹ ተሰልፈዋል። አንቺ ትንሽ ሳለሽ 'ለማን ነው የተሰለፉት?' ብለሽኝ ነበር፤ 'ላንቺ' ብዬሻለሁ። ሐይቁ። ደሴቶቹ። ዘጌ።"

ደንገሉ አብዛኛው ተመንጥሯል፤ ብዙ ጊዜ ሆነው። ዘንባባዎቹም በየቦታው ተጎርደዋል። እንኳን በጉም፣ በጠራ ቀንም ያሉት ሁሉ አልነበረም። ግን እኔ በዚያች ሰዓት የምሰማው ፈተና አልነበረም። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ፣ ጉንጬ ድንች ሞልቶ፣ ከኋላዬ የሚመጣውን ያንኑ ድምፅ ነበር የምሰማው። ከተማዬ እንደዚያ ነበረች። አሁን እንደዚያ ያለችው እሳቸው ዘንድ ብቻ ነው። "አይታይም" ብል የሚያቆሙት ንግግሩን ብቻ አይደለም መሰለኝ። አላቋረጥኋቸውም።

"ከዘጌ በስተግራ፣ ከጀርባው፣ ምን አለ?"

"አገርዎ" አልሁ።

"እንዲያ ነው።" አማተቡ። ወደኔ ዞረው፣ "የሳትሁት አለ?" አሉኝ።

 ሐኪሙ ያለኝ ትዝ አለኝ። ዝም ብዬ ከወረድሁ ዓይናቸው እንደሚጠፋ አውቃለሁ። "ስንወርድ እነግርዎታለሁ" አልሁ።

"ከሳትሁ እዚሁ ነው የሚነገር" ብለው በኩራት ሳቁ። "በይ እንዙር!"

መንገዱ በወንዙ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። እንዴት እንደምጀምር እያሰብሁ ከፊታቸው እሄዳለሁ። ጥቂት እንደወረድን ፀሐይዋ ከማጅራታችን ላይ ጠፋች። ቀጥሎ ብርዱ መጣ። ከዚያ ሣሩ ረጠበ፣ ዛፎቹ ነጡ፣ ከፊቴ ያለው መንገድ ጠፋ። ጉሙ ውስጥ ገባን። ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ ከበደ፤ አባቴ ቆሙ።

"ዝናብ ነው?"

"አይደለም።"

ጢማቸውን ዳሰሱ። ውኃ አዝሎ ነበር። ጣቶቻቸውን አፋተጉና ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። የሐይቅ ዳር ልጅ ናቸው።

"ጉም ነው" አሉ።

"አዎ።"

"አሁን ነው የመጣ?"

"ከጠዋት ጀምሮ ነበር አባባ። ከላይ ሳለን ሁሉንም ሸፍኖት ነበር።"

 ከታች የአንድ ቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የቅዳሴውን ዜማ እየቆራረጠ ያመጣው ነበር።

"ዘጌስ?"

"አልታየም።"

"ድልድዩስ?"

"አልታየም።"

"አዲሱም?"

"አዲሱም።"

"ገመዶቹ እንኳ?"

ሳቄ አመለጠኝ፤ ዕንባዬም አብሮ መጣ። እሳቸው ግን አልሳቁም። መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተደገፉበት።

"ታዲያ ያን ሁሉ ስዘበዝብ አንቺ ምን ታደርጊ ነበር?"

"እሰማ ነበር።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ፣ በልጅነቴ ሰምቼው በማላውቀው ዝግ ያለ ድምፅ፣ "ይኼ አሁን የከበበን ነገር፣ እኔ ጋ ሁልጊዜ ነው ያለ" አሉ። "አንቺ ማክሰኝት ሳለሽ ነው የጀመረኝ። ለዚህ ነው ጉም መሆኑን ያልለየሁት። አሁን ቢያንስ ብርሃኑን ከጨለማው እለያለሁ። የእናትሽን ጥላ አያለሁ። ምላጩ ገብቶ ያችንም ቢወስዳትስ?"

የያዛቸው የሞራው አለመብሰል አልነበረም። ፍርሃታቸው ነበር፤ እኔም ለፍርሃት የሳልሁት ሥዕል አልነበረኝም። እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ አንሥቼ ያዝሁት።

"እኔም እፈራለሁ" አልሁ።

"አንቺም?"

"እኔም። እናቴም ትፈራለች። ለዚያ ነው ሁላችንም የምንነዘንዝዎ።"

ጉሙ እየወፈረ ነበር፤ መንገዱም ያንሸራትታል። "አባባ፣ ከዚህ ወዲያ ያዳልጣል። በመጣንበት እንመለስ?" አልኋቸው።

"እህ! ምን ስትዪ?" አሉ። ቀና ብለው መቋሚያቸውን ወደ ፊት ዘረጉት። "በመጣሁበት አልመለስም። ቅደሚና ምሪኝ። ሐኪሙንም ደውይለት። ውርርድ ውርርድ ነው።"

ታቦት ሲወጣ ደረስን። የእልልታው ድምፅ ከጉሙ ውስጥ ሲመጣ አባቴ ከኔ ቀድመው ወደዚያ ዞሩ።

ቀዶ ሕክምናው መጀመሪያ በአንድ ዓይናቸው ተደረገ። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ፋሻውን ሲፈታ እኔና እናቴ ከአልጋው እግርጌ ቆመን ነበር። አባቴ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉ። ወደ መስኮቱ አዩ። ወደኔ አዩ። ከዚያ እናቴ ላይ ቆዩ።

"አንቺ ነሽ?"

"ማንን ጠብቀህ ነበር?" አለች እናቴ።

"ፀጉርሽ..."

"አዎ፣ ሸብቷል። ያንተ ዓይን ዕረፍት ላይ ሳለ!" ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ትሳቅ ታልቅስ አላየሁም።

ዘንድሮ ኅዳር ጽዮን ወጣን። ሁለተኛው ዓይናቸውም ተሠርቷል። ዳገቱን ትከሻዬን ሳይዙ ነበር የወጡት፤ እንዲያውም በሚያውቁት መንገድ ላይ አሁን ይበልጥ ይደነቃቀፉ ነበር፤ እያንዳንዱን ነገር ለማየት ይቆማሉና። "ሾላዋን ማን ቆረጣት?" አሉ። እግራቸው ጉቶዋን ያውቀው ነበር፤ ዓይናቸው ግን ገና ማየቱ ነው። የጥበቃው ሰውዬ ከሩቅ ሆነው፣ "አባ፣ ዛሬ ጥርት ብሏል!" ብለው ጮኹ። አባቴ፣ "ዛሬስ አይቼ ነው የማምን!" አሉ።

ድንጋዩ ጋ ቆሙ። ሰማዩ የጠራ፣ ሐይቁ ሰማያዊ ነበር። ከዳር እስከ ዳር አዩ። 

"ደንገሉስ?" አሉ በመጨረሻ።

"ተመነጠረ።"

"ያ ነጭ ሕንፃ?"

"ሆቴል ነው። ያም ሆቴል ነው። ያኛው ገና እየተሠራ ነው።"

"ኧረ ተይ! ይኼ ሁሉ የት ነበረ?" ጣታቸውን እየቀሰሩ ጠየቁኝ፤ እኔም ከእግራችን ሥር ጀምሬ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አስረድቼ አላውቅም። አዲሱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ዓይናቸውን አጥብበው ብዙ ቆዩ።

"በገና አይደለም" አሉ። "ክራር ነው። ያ የባጃጅ ሰውዬ አሳስቶኛል።"

"እሱ ገመድ አለው ነው ያለ። በገና ያሉት እርስዎ ነዎት።"

"እንግዲያስ ራሴ ነኝ የተሳሳትሁ" አሉና ሳቁ።

ያን ጊዜ የድሮውን አንድ ጊዜ እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው፤ ደንገሉን፣ ዘንባባዎቹን፣ የተሰለፉበትን። "አሁንማ የማየውን ነው የምናገር" አሉ። ሞከሩም፤ ግን ቅደም ተከተሉ ጠፋባቸው። ሆቴሉ ፋብሪካውን ጋረደባቸው፤ ድልድዩን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት፤ ደሴቶቹን ዘለሏቸው። አዲስ መጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው ይደናቀፉ ነበር። "እንደገና ከእግርዎ ሥር ይጀምሩ" ልላቸው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ተውሁት።

ዘጌ ላይ ደረሱ። እሱ አልተለወጠም፤ እንደተኛ በሬ ጠቁሮ ውኃው ላይ አለ። አባቴ ከሱ በስተግራ፣ ምንም ወደማይታይበት ወደ ሐይቁ ጥግ ዞሩ። እኔ ዛሬ ጥያቄውን እስኪጠይቁኝ ጠበቅሁ። አልጠየቁም። ጋቢያቸውን አስተካክለው እጃቸውን ለማማተብ አነሡ፤ ያኔ ቀና ብዬ ሳያቸው፣ ያን ያህል የፈሩላቸውን ሁለቱን ዓይኖቻቸውን ጨፍነዋቸው ነበር።

ከዚያ ገለጧቸውና፣ "በይ እንዙር" አሉ።